ጠርሙስ በአውድማ ላይ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የምናገረው ከደብረ ማርቆስ ነው፤ የጎረቤት ውሻ ካቋረጠኝ ታገሡኝ።

ባለፈው ታኅሣሥ ቢቸና አካባቢ ወላጆቼ ዘንድ ነበርሁ። ወቅቱ የጤፍ ውቂያ ስለሆነ አባቴ እህሉን ለመጠበቅ አውድማው ዳር ያድራሉ፤ እኔም ጋቢ ደርቤ አብሬያቸው አደርሁ። ሊነጋጋ ሲል አንዲት የብርሃን ነጥብ ሰማዩን ቀስ ብላ ስታቋርጥ አዩና «ይቺ የምትሄደው የማን ናት?» አሉኝ። ሳተላይት እንደሆነች ያውቃሉ፤ የጠየቁት ባለቤቷን ነው። ዕድሜውን በሙሉ ስለ ድንበር ሲከራከር የኖረ ገበሬ ሌላ ምን ይጠይቃል?

«እንጃ» አልኋቸው። ጥያቄው ግን ተከትሎኝ ከተማ ገባ።

አንድ መገጣጠም ልንገራችሁ። የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና የተወነጨፈችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ኩንታል ጤፍ ይበልጣታል። የተላከችውም እርሻንና አካባቢን እንድታይ ነው። በዚያው ዕለት ዋሽንግተን አጠገብ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፈረሙና የአሜሪካ የጠፈር ጦር ተመሠረተ። እኛ ማሳችንን ልናይ በወጣንበት ቀን ሌላው ሠራዊት አቆመ። በስልካችን መንገድ የሚመራንን ጂፒኤስ የሚያስተዳድረውም ይኸው ጦር ነው፤ እኔ ይህን ሳውቅ ትንሽ ደንግጫለሁ።

ሕግ የለም እንዳትሉ፣ አለ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው። በ1967 የተፈረመው የጠፈር ውል የኑክሌር መሣሪያ በምድር ዙሪያ ማስቀመጥን ይከለክላል። ከመሬት ተተኩሶ ሳተላይት ስለሚያፈርስ ተራ ሚሳይል ግን አንድም ቃል የለውም። በዚህ ክፍተት ቻይና በ2007 አሮጌ የአየር ጠባይ ሳተላይቷን መትታ ከ3,000 በላይ ክትትል የሚደረግበት ስብርባሪ በተነች፤ አብዛኛው እስከ ዛሬ ይዞራል። አሜሪካ በ2008፣ ሕንድ በ2019 ተከተሉ። ሩሲያም በኅዳር 2021 የራሷን ሳተላይት ኮስሞስ 1408ን ስታፈርስ ከ1,500 በላይ ስብርባሪ ተረፈ። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩት ሰዎች በመመለሻ መንኮራኩሮቻቸው ውስጥ ተጠለሉ። ከተጠለሉት መካከል ሩሲያውያንም ነበሩ!

እዚህ ላይ የልጅነቴ ነገር ትዝ ይለኛል። ከአጎቴ ጋር በድንበር የተጣላ አንድ ጎረቤት አረቄ ጠጥቶ መጣና በእበት በተለቀለቀው አውድማችን መካከል ጠርሙሱን ከሰከሰው። ነዶው ተነጥፎ ነበር። ጤፍ እንደምታውቁት ከአሸዋ የማይለይ እህል ነው፤ ጠርሙስ ከገባበት በወንፊትም በሰፌድም አይወጣም። እናቴ ለቀናት አበጥራ አበጥራ በመጨረሻ ተወችው። ለካ ያ ሰውዬ የራሱንም ጤፍ በዚያው አውድማ ሊወቃ ወረፋ ይዞ ኖሯል።

የላይኛው ጠርሙስ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል፤ ከደብረ ማርቆስ ደጀን ለመድረስ አሥር ሰከንድ ይበቃዋል ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት የምትመጣ የብሎን ስባሪ የቻይናን ሳተላይት ከእኛዋ አትለይም።

አሜሪካ በ2022 እንዲህ ያለውን የማፍረስ ሙከራ አላደርግም ብላለች፤ ጥሩ ነው፣ የራሷን ከተኮሰች በኋላ ቢሆንም። በ2024 ደግሞ የኑክሌር መሣሪያ ወደ ጠፈር እንዳይወጣ ቃል የሚያድስ የውሳኔ ሐሳብ ለጸጥታው ምክር ቤት ቀርቦ ሩሲያ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ ጣለችው፤ ቻይና ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። በ1962 አሜሪካ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኑክሌር ስታፈነዳ ሐዋይ ውስጥ የመንገድ መብራት መጥፋቱን፣ ሳተላይቶችም መበላሸታቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትናንት ማታ ለአባቴ ደውዬ ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ጨርሼ ስተነፍስ፣

«የሰበረውን ለቀመው?» አሉኝ።

«የለቀመ የለም፣ አባባ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ስለታመመችው ጊደር ያወሩኝ ጀመር።