አባ ጎርጎርዮስ የሳቁ ዕለት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በሰላም አደረሳችሁ።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን ያቀርብላችኋል። እኔ እዚሁ ፍራንክፈርት ኖሮ እዚሁ ስላረፈ አንድ ሰው ላውራችሁ። ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1624 ኤርፉርት ተወለደ፤ በ1704 በዚህች ከተማ አረፈ።

ሉዶልፍ ግእዝን የጀመረው ያለ መምህር፣ ከመጽሐፍ ነው። በ1649 ሮም ሲገባ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ሄደና ግእዝ መማር እንደሚፈልግ ነገራቸው። ይህማ ከኢትዮጵያ ውጭ አይሆንም አሉት። ከመካከላቸው አንድ ሊቅ ነበሩ፤ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ። ትልቅ የብራና መጽሐፍ ተሰጠውና እስቲ አንብብ ተባለ።

አነበበ። ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ከሁሉም የባሰባቸው አባ ነበሩ። «ጠ»ን እና «ቀ»ን ከወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚጠራቸው ገምቱት። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቁ ቆመ። ተደነቁ።

ሁለቱ በዚያው ወዳጅ ሆኑ። አባ ግእዙን አቃኑለት፤ አማርኛም አስተማሩት። ሲለያዩ በግእዝ ይጻጻፉ ነበር። በ1652 ደግሞ አባ ከሮም ተነሥተው እዚህ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ድረስ መጡ። በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት የመስፍኑ የኤርንስት እንግዳ ሆነው ሰነበቱ። ስለ አገራችን ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍ ይጽፋል። ኋላ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ፣ በ1658፣ መርከባቸው ሰጠመችና ባሕር ላይ ቀሩ።

ሉዶልፍ ግን የያዘውን ማስታወሻ አልጣለም። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አወጣ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እዚሁ ፍራንክፈርት አሳተመ። ከዚያ በፊት የታተመ የአማርኛ ሰዋስው አልነበረም። እሱ የ74 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ አባም ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸዋል። እኔ ከሁሉ የምወድለት ከማን እንደተማረ አለመደበቁን ነው። የመምህሩን ስም ጠራ፤ ምስላቸውንም በመጽሐፉ አወጣ።

ከምሳ በኋላ የቅዳሜ ትምህርታችን ልጆች ያነቡልናል። እዚህ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ «ጠ» እና «ቀ» ያስቸግሯቸዋል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ልጄ ሲያነብ ሳቅሁበት። መጽሐፉን ዘግቶ ተነሣ። ለወራት አልከፈተውም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካነበቡ በኋላ ምን ማለት እንደሆነ በራሳቸው አንደበት ያስረዱናል። አደራ፣ እስከዚያ ድረስ በጸጥታ እንስማቸው። ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ ያንተ ነው።