አዴኖቫይረስ የሰውን ዘረመል ሲሸከም
በደብረ ማርቆስ ለሕይወት ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከባሕር ዳር፣ ከቡሬና ከእንጅባራ የመጣችሁ እንግዶች፤

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት በአገራችን ሲጀመር የተሰጠው የአስትራዜኔካ ክትባት፣ ከቺምፓንዚ ተገኝቶ እንዳይራባ የተደረገ አዴኖቫይረስ ነበር። ስለዚህ የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ከብዙዎቻችሁ ክንድ ጋር ቀድሞ ተዋውቋል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ክትባቱ ሳይሆን፣ የዚሁ ወገን ቫይረስ የሰውን ዘረመል ተሸክሞ በቤተ ሙከራ ስለሚሰጠው አገልግሎት ለመናገር ነው።

አዴኖቫይረስን እ.ኤ.አ. በ1953 ዋላስ ሮውና ባልደረቦቹ ያገኙት አዴኖይድ ከሚባለው የሕፃናት የጉሮሮ እጢ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ነው። ዲኤንኤው 36,000 ያህል ጥንድ ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ ኢ1 የተባለው ክፍል መራባት እንዲጀመር የሚያዝዘው ነው። ይህ ክፍል ተቆርጦ ሲወጣ ቫይረሱ ወደ ህዋስ ይገባል፣ ጭነቱንም ያራግፋል፣ ነገር ግን አይራባም። ለጎጃም ገበሬ ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ በቅሎም ትጫናለች እንጂ አትወልድም።

ታዲያ የማይወልደውን በምን እናበዛዋለን? ፍራንክ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1973 በሆላንድ ላይደን ከተማ፣ ከሰው ፅንስ ኩላሊት በተወሰዱ ህዋሳት ውስጥ የአዴኖቫይረስን ዲኤንኤ አስገብቶ 293 የተባሉትን ህዋሳት አገኘ። ቁጥሩ የሙከራው ተራ ቁጥር ነው። እነዚህ ህዋሳት ኢ1ን በራሳቸው ዘር ውስጥ ስለያዙ ቫይረሱ የጎደለውን ከእነርሱ እየተበደረ ይባዛል፤ ወደ ሌላ ህዋስ ሲገባ ግን መካን ነው።

የጭነቱ ልክ ደግሞ የታወቀ ነው። ኢ1ና ኢ3 የተባለው ሌላው የቫይረሱ ክፍል ሲወጡ እስከ 8,000 ጥንድ ፊደላት ድረስ ቦታ ይገኛል፤ የቫይረሱ ሽፋን ግን ከተፈጥሮ መጠኑ 105 በመቶ ያህል በላይ አይችልም። ስለዚህ የሰው ዘረመል የሚጫነው ጣልቃ ገብ ክፍሎቹ፣ ማለትም ፕሮቲን ለመሥራት የማያገለግሉት በመሃል የገቡ ቁርጥራጮች፣ ወጥተውለት ነው። እንዲያም ሆኖ የጡንቻ ፕሮቲን የሆነው የዲስትሮፊን መልእክት ከ11,000 ፊደላት ስለሚበልጥ በዚህ በቅሎ አይጫንም።

ተመራማሪዎች ይህን ቫይረስ የሚመርጡበት ዋና ምክንያት እንደ ልብ ጡንቻ ያሉ መከፋፈል ያቆሙ ህዋሳትን ጭምር ስለሚገባ ነው። የተጫነው ዘረመል የሚያሠራው ፕሮቲን በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በብዛት ይታያል፤ ዲኤንኤው ከህዋሱ ክሮሞዞም ጋር እምብዛም ስለማይጣበቅ ግን ህዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ለዓመታት የሚዘልቅ ውጤት የሚሻ ሰው ሌላ ተሸካሚ ይፈልግ። ሊምፎሳይት የተባሉት የደም ነጭ ህዋሳትም ቫይረሱ ለመግባት የሚይዘው መቀበያ እምብዛም ስለሌላቸው በቀላሉ አይገባቸውም።

አጥብቄ የምለው ግን ሌላ ነው። 293 ህዋሳት የያዙት ኢ1 በዳርና በዳሩ ከቬክተሩ፣ ማለትም ዘረመል ከሚሸከመው ቫይረስ፣ ጋር የሚመሳሰል ዲኤንኤ ስላለው፣ አልፎ አልፎ ሁለቱ ተቀላቅለው ቫይረሱ የመራባት ኃይሉን መልሶ ያገኛል። በቅሎዋ ወለደች ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ምርት ሳይፈተሽ ጥቅም ላይ አይዋል። ከዚህም ሌላ ቫይረሱ ምንም ሳይጭን እንኳ ህዋሱን ስለሚያስቆጣ፣ ዘረመል የሌለበት ባዶ ቬክተር ጎን ለጎን ካልተሞከረ የታየው ለውጥ የማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔ በተማሪነቴ ይህን ማነጻጸሪያ ትቼ የሦስት ወር ሥራ ደግሜአለሁ።

ሌላው የእኛ አገር ነገር ነው። ቫይረሱ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል፤ ቀልጦ እንደገና በረጋ ቁጥርም ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ በትናንሽ ብልቃጥ ከፋፍላችሁ አስቀምጡት፤ መብራት ሲጠፋም የማቀዝቀዣውን በር አትክፈቱ።