ያለ ማይክሮፎን አራት ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም የዩኒቨርሲቲ የሂዩማኒቲስ ክፍሎች ስለሚያዘጋጁት የስትሪንግ ኳርቴት ኮንሰርት ነው።

ስትሪንግ ኳርቴት ማለት በቀስት የሚጫወቱ አራት የክር መሣሪያዎች ስብስብ ነው፤ ሁለት ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ተለቅ ያለ አንድ ቪዮላ፣ ተቀምጠው የሚጫወቱት ትልቅ አንድ ቼሎ። አዘጋጆች ብዙ ጊዜ «አራት ሰው ነው፣ ማይክሮፎንም አይፈልግም፣ ምን ያስቸግራል?» ይላሉ። እኔ ደግሞ የሚያስቸግረው ይኸው ማይክሮፎን የሌለበት መሆኑ ነው ባይ ነኝ። ድምፁን የሚያጎላ ነገር ስለሌለ፣ ክፍሉ የሚያሰማውም የሚውጠውም ሁሉ ሙዚቃው ውስጥ ይገባል። የአዘጋጁ ሥራ በአብዛኛው ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው።

የመማሪያ አዳራሽ የሚሠራው ለንግግር ነው። ቃል ከቃል እንዳይደባለቅ ድምፁ ቶሎ እንዲጠፋ ይፈለጋል፤ ስለዚህ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ድምፅ የሚውጥ ጣሪያ ይደረግለታል። እንዲህ ባለ ክፍል ድምፁ አስተጋብቶ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከ1 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ለኳርቴት ግን ከ1.3 እስከ 1.7 ሴኮንድ ቢቆይ ይመረጣል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ቀስቱ ከክሩ እንደተነሣ ድምፁ ቁርጥ ይላል። ተጫዋቾቹ ክፍተቱን ለመሙላት ቀስታቸውን ሲጫኑ ደግሞ ይሻክራል። አድማጭ ሲገባ ይብሳል፤ ልብስና ሰውነትም ድምፅ ይውጣሉ። ስለዚህ መጋረጃውን ሰብስቡ፣ ከተጫዋቾቹ ሥር ምንጣፉን አንሡ። የምታማርጡት አዳራሽ ካለ፣ ወንበሩ ቢያንስም ጣሪያው ከፍ ያለውን፣ ወለሉ እንጨት የሆነውን ውሰዱ።

የአየር ማቀዝቀዣው ቀድሞ ይሥራና ሙዚቃው ሊጀመር ሲል ይጥፋ። ማብሪያ ማጥፊያው አዳራሹ ውስጥ ላይሆን ይችላል፤ የሕንፃውን የጥገና ሠራተኞች ከቀናት በፊት አነጋግሩ። ወንበሮቹ አራት፣ ክንድ የሌላቸው፣ መቀመጫቸው ወደ ኋላ ያላዘቀዘቀ ይሁኑ። የቼሎው የብረት እግር በተወለወለ ወለል ላይ ይንሸራተታል፤ ከወንበሩ እግር ጋር የሚታሰር ማሰሪያ ከሌለ ተጫዋቹ ሙዚቃውን ትቶ መሣሪያውን ሲይዝ ያመሻል።

ቅኝቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ። የቼሎና የቪዮላ ወፍራሙ ክር ሲ የሚባለው ድምፅ ነው፣ የቫዮሊን ቀጭኑ ክር ኢ የሚባለው። ከሲ ተነሥተን ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ብለን አራት እርምጃ እንወጣለን፤ እያንዳንዱ እርምጃ የንዝረቱ ፍጥነት 3 ለ2 የሆነ ንጹሕ ርቀት ነው። ሁሉንም ፍጹም ንጹሕ አድርገን ከቃኘን፣ የመጨረሻው ኢ ከሲው ጋር ሊስማማ ከሚገባው በ81 ለ80 ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቼሎው ሲውን፣ ቫዮሊኑ ኢውን በጣት ባልተጫነ ባዶ ክር አብረው ሲይዙ ጆሮ ይጎረብጣል። ለዚህ ነው ብዙ ኳርቴቶች እያንዳንዱን እርምጃ በጥቂቱ ጠበብ አድርገው የሚቃኙት፤ ጊዜ የሚወስድባቸውም ለዚህ ነው። እባካችሁ በሩ ሲከፈት የተቀዳ ሙዚቃ አትልቀቁባቸው፤ ከመድረክ ጀርባ እየተቃኙ ነው።

የሂዩማኒቲስ ክፍል ከማንም የተሻለ የሚሰጠው ነገር ከሙዚቃው በፊት የሚደረግ ንግግር ነው። የሶቪየቱን የሙዚቃ ደራሲ የሾስታኮቪችን 8ኛ ኳርቴት፣ ማለትም ለእነዚህ አራት መሣሪያዎች የጻፈውን 8ኛ ሥራ፣ እንውሰድ። በሐምሌ 1960 እ.ኤ.አ. ድሬስደን አጠገብ በ3 ቀን ጻፈው። በይፋ «ለፋሺዝምና ለጦርነት ሰለባዎች» ብሎ አበረከተው፤ ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ ግን የራሱ መታሰቢያ እንደሆነ ተናገረ። በአራት ኖታ የስሙን መነሻ ፊደላት ቀርጾበታል፤ በጀርመንኛ አጠራር ዴ፣ ኤስ፣ ጼ፣ ሃ፤ ሲጻፍ D, S, C, H፣ በጀርመንኛ የስሙ አጻጻፍ መጀመሪያ (D. Sch.) ማለት ነው። አንድ የታሪክ መምህር ይህን በ10 ደቂቃ ቢናገር፣ ቼሎው እነዚያን አራት ኖታዎች ብቻ ቢያሰማ፣ አድማጩ ቀጥሎ ኖታዎቹን ራሱ ይለያቸዋል። የሚበላሸው ንግግሩ 40 ደቂቃ ሲሆንና በስላይድ ሲታጀብ ነው። ስላይዱ ካለቀ በኋላ ፕሮጀክተሩ ሳይጠፋ ይቀራል፣ ማራገቢያውም ኮንሰርቱን ሙሉ ሲያጓራ ያመሻል።

በታተመው ፕሮግራም ላይ ሥራው ስንት ክፍል እንዳለውና የት እንደሚያርፍ ጻፉ። ይህ 8ኛው 5 ክፍል አለው፣ ሳያርፍ ይሄዳል። የቤትሆቨን ኦፐስ 131 (የሥራ ቁጥር 131) የተባለው ኳርቴት ደግሞ 7 ክፍል ሆኖ ወደ 40 ደቂቃ ያህል በአንድ ትንፋሽ ይዘልቃል፤ ዘግይቶ ለመጣ ሰው በሩ የሚከፈትበት ጊዜ የለውም። በር ጠባቂው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ በጣም ስሱ በሆነው ቦታ ላይ ሰው ያስገባል።

መብራት የሚያበራውንም ሰው አትርሱት። የሾስታኮቪቹ ኳርቴት መጨረሻ እየከሰመ ነው የሚያልቀው። ድምፁ ጠፍቶ ቀስቶቹ ገና አየር ላይ እንዳሉ መብራት ከበራ ሕዝቡ ወዲያው ያጨበጭባል። አራቱም ቀስቶች እስኪወርዱ እጁን ከማብሪያው ያርቅ።