«እንዳልፈርም ነገረኝ» እና «እንድፈርም አልነገረኝም»

የተከበራችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ስለ ሪፖርቲንግ ቨርብ፣ ማለትም የሌላውን ንግግር ስለምናስተላልፍባቸው እንደ «ነገረኝ» እና «ጠየቀኝ» ያሉ ግሦች፣ እንዲሁም ስለ ኢንፊኒቲቭ፣ ማለትም «ቱ» ስለሚቀድመው ግስ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ስታስተምሩት የኖራችሁት ነገር ስለሆነ ከዚህ በላይ ትርጓሜ አልሰጥም። ሆዴን የበላኝን አንድ ጉዳይ ላውጣ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ጎበዝ ናት። ኢንዳይሬክት ስፒች፣ ማለትም የሌላውን ንግግር በራስ አነጋገር ማስተላለፍ ላይ ሁሌም ደፍና ነበር የምታመጣው። ተመርቃ ሥራ ያዘች። አንድ ቀን የቅርብ አለቃዋ «እኔ ሳላየው እንዳትፈርሚ» አላት። አልፈረመችም። ከላይ ያሉት ሰነዱ ለምን እንደዘገየ ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ ጻፈችላቸው፦ «ሂ ዲድ ኖት ቴል ሚ ቱ ሳይን።» እነሱም የተጻፈውን አነበቡ፦ «እንድፈርም አልነገረኝም»። ፈርሚ የሚላት ሰው ስላጣች እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች መሰላቸው። ማስጠንቀቂያ ደረሳት።

ወረቀቱን ይዛ መጣች። «መምህር፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?» አለችኝ። እርሳስ አንስቼ «ኖት»ን ከቦታዋ አነሳኋትና «ቱ» ፊት አስቀመጥኳት፦ «ሂ ቶልድ ሚ ኖት ቱ ሳይን።» ዝም ብላ አየችው። ከዚያ እንባዋ መጣ።

ይህቺ ልጅ በአማርኛ «እንዳልፈርም ነገረኝ» እና «እንድፈርም አልነገረኝም» ተምታተውባት ያውቃሉ? በፍጹም! ልዩነቱን ከእናቷ አፍ ነው የተማረችው። እኛ ግን ምን አደረግን? ክፍል ውስጥ አማርኛ እንዳይሰማ ከለከልን! የምታውቀውን በር ላይ አስቀምጣ እንድትገባ አደረግን! «ቱሞሮው»ን ወደ «ዘ ኔክስት ዴይ» መቀየር አስተማርናት። ማን ምን እንዲያደርግ እንደተባለ ግን አንድም ቀን አልጠየቅናትም።

እንግሊዝኛው «ቱ» ካለ በኋላ አድራጊውን ግሡ ላይ አያሳይም። «ሂ አስክድ ሚ ቱ ሊቭ» ሲል የምወጣው እኔ ነኝ። «ሚ»ን አውጧት፤ «ሂ አስክድ ቱ ሊቭ»። አሁን መውጣት የፈለገው እሱ ነው። «ቱ ሊቭ» ግን ንቅንቅ አላለችም። የእኛ ግስ አድራጊውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ «እንድወጣ ጠየቀኝ»፣ «ልውጣ ብሎ ጠየቀ»። «ፕሮሚስ»ም እንዲሁ ነው። «ሂ ፕሮሚስድ ሚ ቱ ካም» ሲባል «ሚ» መሀል ብትገባም የሚመጣው ቃል የገባው ሰውዬ ነው። ተማሪው «እንደሚመጣ ቃል ገባልኝ» ብሎ ካሰበ አይሳሳትም።

ስለ «ሰጀስት» («ሐሳብ አቀረበ») ብዙ አልልም። ኢንፊኒቲቭ አይከተለውም፣ በቃ። «ሂ ኢዝ ሰይድ ቱ ቢ ሪች» ደግሞ የኛው «ሀብታም ነው ይባላል» ነው፤ እንዲያ ብላችሁ ንገሯቸው፣ ይገባቸዋል።

ሰኞ ክፍል ስትገቡ ሁለቱን የ«አስክድ» ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ ጻፉልኝ። ከዚያ «ማን ነው የሚወጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። በአማርኛ ይመልሱ፤ እባካችሁ አታቋርጧቸው።

አመሰግናለሁ።