ሲቀዘቅዝ የሚመለሰው ፔዳል

እሺ... ዛሬ ስለ ተራራው ጫፍ፣ ስለ እይታው የማወራ ከመሰላችሁ፣ አይደለም። ስለ መውረዱ ነው። «ደግሞ ማርሹን ጀመረው» ያላችሁ፣ አዎ፣ ጀመርኩት።

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ሹፌሩ ረዥሙን ቁልቁለት እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ ይወርዳል። ኩርባው ጋ ሲረግጥ ፔዳሉ ይሰምጣል። የፍሬን ሸራው፣ ተጣብቆ ጎማውን የሚይዘው፣ እሱ ብቻ ቢግል ኖሮ ፔዳሉ እንደጠነከረ መኪናው አልይዝ ይላል፤ ሽታውም ቀድሞ ይመጣል። ይሄኛው ግን ይለሰልሳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲሱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ ዘይት አይታመቅም፣ አረፋ ግን ይታመቃል። ስለዚህ ትረግጣላችሁ፣ የሚታመቀው አረፋው ነው፣ ጎማው ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መርገጥ ትንሽ ግፊት ሊያስገኝ ይችላል። ማርሽ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ መሳብ። አብዛኛው የእጅ ፍሬን በካቦ ስለሚሠራ ዘይቱ ቢፈላም አያገባውም።

የሚገርመኝ ሲወጣ መጨነቁ! 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባለት) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህል ያጣል። ሹፌሩ «ሞተሩ ተበላሸ» እያለ ይወጣል፣ ፎቶውን ያነሳል፣ ከዚያ ዘና ብሎ በአራተኛ ይወርዳል። በሁለተኛ የወጣችሁትን በሁለተኛ ውረዱ፤ አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው። ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ እንጂ እግር ጭኖ መውረድ አይደለም። ፎሌ ላይ፣ ማርሽ አውጥተው፣ የሚወርዱትን... ተዉኝ እስቲ።

አሜሪካ፣ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ላይ፣ 4,302 ሜትር ነው፣ ወራጁን መንገድ ላይ አስቁመው የፍሬኑን ሙቀት ይለካሉ። የጋለበት ዳር ይዞ ያቀዘቅዛል። ጥሩ ነው። ግን እኮ እኔን የሚረብሸኝ እዚሁ ላይ ነው፤ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና ፔዳሉ ይጠነክራል። ሹፌሩ «ዳነ!» ይላል። ዘይቱ ያው አሮጌው ነው፣ ውሃውም እዚያው አለ።

ታዲያ ይውረድ? በአንደኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ይቻል ይሆናል። ሰው ጭኖ ከሆነስ? ጎታች ይጥራ እንዳልል፣ ስልክ የማይሠራበት ጫፍ ላይ... እኔ እንጃ። ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደቀረው ካላወቀ ደግሞ...