ጽሑፋችን ጽሑፍ ሆኖ ይውጣ

በደብረ ብርሃን ለኮምፒውተር ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የከተማችን የሥራ ኃላፊዎች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

የዚህ ዝግጅት አስተባባሪዎች የሰጡኝ ርዕስ ቀለል ያለ ነበር። ድረ ገጽ መሥራት እንጀራው የሆነ ሰው ከሥራ ሰዓት ውጭ በይነ መረብ ላይ ምን ሲያይ እንደሚያመሽ፣ ምንስ አግኝቶ እንደተደሰተ ለልጆቹ ንገራቸው አሉኝ። በደስታ እነግራችኋለሁ። ነገር ግን የምወዳቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ሳስባቸው ሁሉም ወደ አንድ ቅሬታ መሩኝ፤ ያንን ቅሬታ የሚመለከታቸው ሰዎች በተቀመጡበት በዚህ አዳራሽ ሳልናገር ከመድረክ ብወርድ ኅሊናዬ አያርፍም።

ከሁሉ አስቀድሞ የምወደው የገጽን ምንጭ ከፍቶ ማንበብ ነው። ማንኛውንም ድረ ገጽ በኮምፒውተር ከፍታችሁ የማውሱን ቀኝ ብትጫኑ ገጹ የተሠራበትን ኤችቲኤምኤል የተባለ ኮድ የሚያሳይ ትእዛዝ ታገኛላችሁ። ቲም በርነርስ ሊ ድረ ገጾችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ዌብን ያቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ሳለ ነበር፤ ማዕከሉም እ.ኤ.አ. አፕሪል 30 ቀን 1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። እኔም ሙያዬን ከመጽሐፍ ይልቅ የማላውቃቸው ሰዎች የሠሩትን ገጽ እየከፈትኩ በማንበብ ተምሬዋለሁ፤ ዛሬም ደስ የሚል ገጽ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ምንጩን ነው።

እንዲህ ስመረምር ካገኘኋቸው ሁሉ ልቤን የሞላው ሲኤስኤስ በተባለው የገጽ ማስዋቢያ ቋንቋ ውስጥ ዝርዝርን በግእዝ ቁጥር የሚያስቆጥር ስልት መኖሩ ነው፤ ስሙም ኢትዮፒክ ኒውመሪክ ይባላል። አንዲት መስመር ትጽፋላችሁ፤ ብሮውዘሩ ራሱ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ ይወርዳል፣ አሥር ላይ ፲ ይላል፣ ከዚያም ፲፩ ብሎ ይቀጥላል። ይህ ሊሆን የቻለው ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ለዓለም ፊደሎች የጋራ ኮድ በሚሰጠው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ስለገባ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን በጽሕፈት ሥራ ላይ የቆያችሁ ባልደረቦች ታስታውሳላችሁ፤ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ለየፊደሉ የራሱን ኮድ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ በፍሎፒ ዲስክ ወደ ሌላው ሲሄድ የማይነበብ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይከፈት ነበር። ያ ችግር ተፈትቷል። ፊደላችን ዛሬ በማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ላይ ያለ ምንም ልመና ይነበባል።

ሌሊቴን የሚወስድብኝ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከአገራችን አድባራትና ገዳማት የተነሡ ብራናዎች በድረ ገጹ ላይ ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሸዋ ናቸው። መመዝገብ ብቻ ይበቃል፣ ክፍያ የለውም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀይ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ የቅዱሳን ስም የተጻፈበትን ቦታ ከዚያ ትለዩታላችሁ። በቅጠሉ የታችኛው ማዕዘን ላይ አንባቢ ሲገልጠው የኖረበት ጥቁረት አለ፤ በኅዳጉና ባዶ በቀረው ቅጠል ላይ ደግሞ የመሬት ውልና የስጦታ ማስታወሻ አንዳንዴ ይገኛል። ካታሎጉን በማዘጋጀት ረጅም ዘመን የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእኛው የሸንኮራ ተወላጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ቆስለው መራመድ ከተሳናቸው በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ይህን ሁሉ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለላቀ የፈጠራ ሥራ የሚሰጠውን የማክአርተርን ሽልማት ተቀበሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ከብራና አልተለዩም።

እነዚያ ብራናዎች በፎቶ መቅረባቸው አይከፋኝም። በእጅ የተጻፈን ቅጠል መጀመሪያ በፎቶ ማንሣት ግድ ነው፤ ደግሞም ከጎኑ የመጽሐፉ ርዕስ፣ ዘመኑና የተገኘበት ቦታ በጽሑፍ ተመዝግቦለታል። ለዚህ ነው እዚህ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ፈልጌ የማገኘው። ለብዙ መቶ ዓመት ብራና ይህን ያህል ከተደከመለት፣ ትናንት በኮምፒውተር የተጻፈ የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ለምን ይህ ይነፈገዋል?

ወደ ቅሬታዬ ገባሁ። በሕግ የተመረቀ ዓይነ ስውር ጎረቤት አለኝ። ስልኩን የሚጠቀመው ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ስክሪን ሪደር ነው፤ ጣቱን በመስታወቱ ላይ ሲያንሸራትት ስልኩ የተነካውን ያነብለታል፤ ፍጥነቱን ስለለመደው አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው አንድ ቃል እንኳ ሳይገባው እርሱ ገጹን ይጨርሰዋል። ይህ ልጅ ሥራ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ቆየ። አንድ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስታወቂያ በቴሌግራም አወጣ። ስልኩ «ፎቶ» አለና ዝም አለ። ጣቱን ወደ ላይ አንቀሳቀሰ፣ ወደ ታች አንቀሳቀሰ፤ ከፎቶው ሥር አንድም ቃል የለም። እናቱ ፊደል አልቆጠሩም። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። እህቱ ትምህርት ቤት ናት። ልጅቱ ማታ ገብታ ስታነብለት የተፈለገው የሕግ ባለሙያ ነው፤ የምዝገባው መጨረሻም ያው ዕለቱ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር።

ስመለስ ፎቶውን ልኮልኝ አየሁት። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በስልክ የተነሣ ነው። ያነሣው ሰው የእጁ ጥላ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች አጥቁሯቸዋል፤ ማኅተሙም የስልክ ቁጥሩን ግማሽ ደፍኖታል፤ ስለዚህ ዓይን ያለው ሰውም ደውሎ መጠየቅ አይችልም ነበር። ፊደሉ ግን በኮምፒውተር የተተየበ ነው! ጸሐፊዋ ጽፋዋለች፤ ጽሑፉ ያለ አንዳች ጉድለት ኮምፒውተሯ ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ታተመ፣ ተፈረመበት፣ ቲተርና ማኅተም ተመታበት፣ ፎቶ ተነሣ፣ ተለቀቀ። ቃሉ የጠፋው በእኛው እጅ ነው።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ አንዱን ኃላፊ በአክብሮት ጠየቅኋቸው። «ማኅተም የሌለውን ማስታወቂያ ማን ያምነዋል?» አሉኝ። ሐሰተኛ ማስታወቂያ በበዛበት በዚህ ጊዜ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ እኔም ማኅተሙ ይቅር አላልኩም። ማኅተሙ ይኑር! ፎቶውም ይውጣ! ከሥሩ ግን ያው ጽሑፍ ኮፒ ተደርጎ ይለጠፍ! ለዚህ በጀት አይያዝለትም፣ ኮሚቴ አይቋቋምለትም፣ ከአዲስ አበባ ባለሙያ አይመጣለትም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም መረጃን ተደራሽ ማድረግን የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል። ስለዚህ እኔ እዚህ የቆምኩት ችሮታ ልለምንለት አይደለም። ሕግ የተማረ ዜጋ የሕግ ባለሙያ የሚፈልግን ማስታወቂያ እንዳያነብ የሚያደርግ አሠራር በከተማችን አንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም!

መሣሪያው የለም የሚለኝ ካለ፣ አለ። ኤንቪዲኤ የተባለው የኮምፒውተር ስክሪን ሪደር ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ አብሮት የሚሠራው ኢስፒክ የተባለ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ግን ያነባል። ፎቶ ሲሰጡት የሚያነበው ነገር የለውም።

ነገሩ የዓይነ ስውራን ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ሒሳቡን ስሙኝ። አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ ዌብ በሚጠቀምበት የአጻጻፍ ኮድ 3 ባይት (ባይት የመረጃ መጠን መለኪያ ነው) ይይዛል። 1,000 ፊደል ያለው ማስታወቂያ እንግዲህ 3 ኪሎባይት ገደማ ነው። በስልክ ካሜራ የተነሣ ፎቶ ሳይታመቅ ከተላከ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜጋባይት ያልፋል፤ ይህም ከ300 እጥፍ በላይ ነው። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ዙሪያ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ገጠር፣ በጥቂት ብር ጥቅል የሚጠቀም ተማሪ ይህን ልዩነት ከኪሱ ይከፍለዋል። ጽሑፉ ሲደርሰው ፎቶው ገና እየተሽከረከረ ነው።

ፍለጋም አለ። ፎቶ ውስጥ የታሰረ ቃል ተፈልጎ ለመገኘት ይቸገራል፤ የአምናውን መመሪያ የሚፈልግ አርሶ አደር ወይም ነጋዴ የቴሌግራም ገጹን ወደ ኋላ ሲስብ ይውላል። የድረ ገጾችን ያለፈ ገጽታ የሚያስቀምጠው የኢንተርኔት አርካይቭ፣ እኔም አሮጌ የአማርኛ ገጾችን እያወጣሁ የማይበት፣ ከተዘጋ ድረ ገጽ ላይ ጽሑፍ አትርፎ ይሰጠናል። ያልተጻፈውን ግን ከየት ያመጣዋል?

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ከነገ ጀምሮ ከቢሮአችሁ የሚወጣ ማንኛውም ማስታወቂያ ከፎቶው ሥር ሙሉ ጽሑፉን ይያዝ፤ ጽሑፉ ለአንድ መልእክት ከረዘመም ተከፍሎ ይላክ። ተማሪዎች ሆይ፣ አሠራሩን ለየቢሮው ጸሐፊዎች ለማሳየት ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ አስፍሩ። የመጀመሪያዎቹን ቢሮዎች አብሬያችሁ እዞራለሁ፤ ጎረቤቴም ከነስልኩ አብሮን ሊዞር ቃል ገብቷል።

አመሰግናለሁ።