ሥዕሉ ለምን መጨረሻ ላይ ይመጣል?

እንደምን አመሻችሁ። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አርክቴክቱ፣ ኢንቴሪየር ዲዛይነሩ፣ ሠዓሊው፣ ቤት ሊያሠራ ያሰበውና ሆቴል ያለው ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም ዛሬ የማወራው ነገር እናንተ ተለያይታችሁ ስለምትሠሩ የሚበላሽ ነገር ነው።

በቀጥታ ልግባበት። አብዛኛው ቤትና ሪዞርት ሲሠራ መጀመሪያ ሕንፃው ይቆማል፣ ከዛ ፊኒሺንግ ይገባል፣ ከዛ ሶፋና መጋረጃ፣ በመጨረሻ ገንዘብ ከተረፈ አንዱ ይነሳና "ይሄ ግድግዳ ባዶ ሆነ እኮ፣ የሆነ ሥዕል ፈልጉለት" ይላል። ሥዕሉም የሚመረጠው በሶፋው ከለር ነው። እኔ ይሄ ነገር ያሳዝነኛል፣ ለሠዓሊው ብቻ ሳይሆን እዛ ቤት ውስጥ ለሚኖረው ሰው ነው የማዝነው፣ ምክንያቱም ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ፣ ሰው ከበር ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ ምን ላይ እንደሚወድቅ፣ ግድግዳው በእጅ ሲነካ ምን እንደሚመስል፣ ይሄ ሁሉ ሥዕሉ ከመምጣቱ በፊት አልቋል። ከዛ በኋላ የሚመጣ ሥዕል ክፍተት መሙያ ነው የሚሆነው።

ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ አርክቴክቱ ሉዊስ ባራጋን እ.ኤ.አ. በ1948 ለራሱ የሠራው ቤት አለ፣ ዩኔስኮ በ2004 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከውጭ ስታዩት ተራ ቤት ነው፣ ከመንገዱ ጎረቤቶቹ የማይለይ። ውስጥ ስትገቡ ግን ደረጃው ጋ የሠዓሊው የማቲያስ ጎሪትዝ በወርቅ ቅብ የተሠራ ሰሌዳ አለ፣ ከላይ ካለው መስኮት የሚገባውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ታች ወደ መግቢያው ይመልሰዋል፣ መግቢያው ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን የሚያገኘው ከዛ ነው። አያችሁ? ያ ሥራ ተሰቅሎ የቀረ ጌጥ ሳይሆን የቤቱ መብራት ሆኖ ነው የሚሠራው። አንሱት ብትሉ ደረጃውም መግቢያውም ይጨልማል። እኔ ጥበብ ከቤት ጋር አንድ ሆነ የምለው እንዲህ ሲሆን ነው፣ ሲወጣ ቤቱ የሚጎድልበት ሲሆን።

ባራጋን የሠራው ለራሱ ነው፣ ማንም አላስቸኮለውም ልትሉኝ ትችላላችሁ። እሺ፣ ሆቴል እንይ። ስሪላንካ ውስጥ ጎል የሚባል የባህር ዳር ከተማ ላይ አርክቴክቱ ጂኦፍሪ ባዋ በ1990ዎቹ የሠራው ላይትሃውስ ሆቴል አለ፣ እንግዳ ከታች ገብቶ ወደ ላይ የሚወጣው በክብ ደረጃ ነው፣ የደረጃው መደገፊያ ደግሞ ዝም ብሎ ብረት አይደለም፣ ላኪ ሴናናያኬ የሚባለው አርቲስት የሠራቸው የጦር ሠራዊት ምስሎች ናቸው፣ የሲንሃላ ተዋጊዎችና ፖርቹጋሎች ሲዋጉ። ሰው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ በጦርነቱ መሀል እያለፈ ነው የሚወጣው። ይሄ መቼም ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚታዘዝ ነገር አይደለም፣ አርክቴክቱና አርቲስቱ ገና ደረጃው ወረቀት ላይ እያለ ተቀምጠው ማውራት አለባቸው። እንግዳው የክፍሉን ቁጥር ይረሳል፣ ያንን ደረጃ ግን አይረሳም።

አንዳንዴ ደግሞ ሥዕልም ቅርጻቅርጽም ላያስፈልግ ይችላል፣ ማቴሪያሉ ራሱ ከበቃ። ቫልስ የምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ውስጥ አርክቴክቱ ፒተር ዙምቶር የሠራው የፍልውሃ መታጠቢያ በ1996 ተከፈተ። ድንጋዩ ከዛው ሸለቆ የወጣ ኳርትዛይት ነው፣ ወደ 60,000 የሚጠጋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርድሮበታል። ውፍረቱ ሦስት ዓይነት ነው፣ ሦስቱ ሲደራረቡ ግን ሁሌም 15 ሳንቲሜትር ይመጣል፣ ስለዚህ ግንበኛው ቅደም ተከተሉን እንደፈለገ ቢቀያይርም መጨረሻ ላይ ልክክ ብሎ ይገጥማል። ግንበኛው በእጁ የሚወስነው ነገር ተትቶለታል ማለት ነው። ለዚህ ነው ያ ግድግዳ ሕይወት ያለው፣ በኮምፒውተር ተደጋግሞ የተለጠፈ ፓተርን አይመስልም። ጣሪያው ላይ ሣር በቅሏል፣ ሕንፃው ግማሹ ኮረብታው ውስጥ ገብቷል፣ ሰው ግን ከሩቅ አገር ተጉዞ ይመጣል።

ናኦሺማን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የጃፓን ትንሽ ደሴት ነች። አርክቴክቱ ታዳኦ አንዶ እዛ የሠራው ቺቹ ሙዚየም በ2004 ነው የተከፈተው፣ አብዛኛው ክፍሉ መሬት ውስጥ ነው፣ ሆኖም የፈረንሳዊው ሠዓሊ የክሎድ ሞኔ የውሃ አበቦች ሥዕሎች ያሉበት ክፍል የሚታየው በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ ነው፣ ደመና ሲያልፍ ሥዕሉም አብሮ ይለወጣል። ግን እኔን ከዚህ በላይ የሚነካኝ መንደሩ ውስጥ ያለው ነው። ሰው ትቷቸው የሄደ አሮጌ ቤቶች ለአርቲስቶች ይሰጡ ጀመር። ካዶያ የሚባለው ቤት ውስጥ በ1998 አርቲስቱ ታትሱኦ ሚያጂማ ጨለማ ክፍል ውስጥ ውሃ ሞልቶ 125 የኤልኢዲ ቁጥር ቆጣሪዎችን ውሃው ውስጥ አስቀመጠ፣ እያንዳንዱ ቆጣሪ በምን ፍጥነት እንደሚቆጥር የወሰኑት ደግሞ የደሴቷ ነዋሪዎች ናቸው፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ። ቱሪስት ሊያይ ይመጣል፣ ነዋሪው ግን "ያቺ የኔ ነች" ይላል። መዝናኛ ቦታ የምትሠሩ ሰዎች እባካችሁ ይሄን አስቡበት፣ አካባቢው ላይ የሚኖረው ሰው አጥር ውጭ ቆሞ የሚያይ ብቻ መሆን የለበትም።

ይሄ ሁሉ ሀብታም ላለበት ነው የሚል ይኖራል፣ አውቃለሁ። አይደለም። ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ አርክቴክቶቹ ላካቶንና ቫሳል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ግራንድ ፓርክ የሚባሉ በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጡ የድሮ የማኅበራዊ ቤቶች ሕንፃዎችን ሳያፈርሱ፣ ነዋሪውንም ሳያስወጡ፣ ለ530 አፓርታማ ከፊት ለፊት ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ በመስታወት የሚዘጋ ሰፊ በረንዳ ጨመሩላቸው። ትንሽዋ መስኮት ቀርታ ግድግዳ ሙሉ ብርሃን ገባ። ለቅንጦት የወጣ ነገር አይታይም፣ የተሰጠው ቦታና ብርሃን ነው። በ2021 ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ያገኙትም እንዲህ ዓይነት ሥራ እየሠሩ ነው።

ቤታችሁን በተመለከተ ደግሞ ትንሽ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ሥዕል ከፍ አድርጋችሁ አትስቀሉ፣ መሀሉ ከወለሉ 1.50 ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ከሆነ ዝቅ ይበል። በወረቀት ላይ የተሠራ ሥራና ጨርቅ ፀሐይ በቀጥታ የምታገኘው ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ ሙዚየሞች ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በላይ ብርሃን አይሰጡም፣ ብርሃን ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው። አምፖል ስትገዙ ዋት ብቻ አትዩ፣ ቀለም የሚያሳይበትን አቅም እዩ፣ ካርቶኑ ላይ CRI የሚለው ቁጥር ነው፣ ከ90 በላይ ካልሆነ ቀዩ ደብዘዝ ሊልባችሁ ይችላል፣ ሳሎንና መኝታ ቤት ላይ ደግሞ 2700 ኬልቪን አካባቢ ያለ ሞቅ ያለ ብርሃን ነው የሚስማማው። ሎቢ ያላችሁ ደግሞ ድምፁን አትርሱ፣ እብነ በረድ ወለልና መስታወት ግድግዳ ብቻ ከሆነ ሰው ሲያወራ ይጮሃል፣ ትልቅ የተሸመነ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ግን ዓይንንም ጆሮንም ያሳርፋል፣ ከጀርባው ትንሽ ክፍተት ከተተወለት ደግሞ ድምፁን የበለጠ ይውጣል።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። እዚህ ውስጥ ገና ንድፍ ላይ ያለ ፕሮጀክት ያላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከሻይ በኋላ ሠዓሊዎቹና ቀራጮቹ በቀኝ በኩል ይቀመጣሉ። ፕላናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግድግዳ ምረጡልን እንዳትሉ ብቻ፣ ፀሐይ ጠዋት ከየት እንደምትገባ አሳዩዋቸውና እዚህ ቦታ ላይ ምን ይታያችኋል ብላችሁ ጠይቁ። ለሥራቸውም በጀታችሁ ላይ ከኮንክሪቱና ከብረቱ ጋር እኩል መስመር ክፈቱ፣ ከተረፈ የምትሉት እንዳይሆን። አመሰግናለሁ፣ ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።